የሦስት ወሩን መርፌ ከማቆምሽ በፊት (ከዘጌ ለጠየቅሽው እህት)

እህቴ፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትንሹ 8 ወሩ ነው፣ ከአማቴ ጋር አንድ ግቢ ነን ብለሻል። የሦስት ወሩን የወሊድ መከላከያ መርፌ ባልሽ ሳያውቅ ከተወጋሽ ወዲህ ደሙ ሄድ መጣ እያለ ገብተሽ ማስቀደስ ካቆምሽ ወር ሊሞላሽ ነው፤ አማትሽም «ምን ሆነሽ ነው?» ማለት ጀምረዋል። ላቁመው ወይስ ልቀይረው ነው ጥያቄሽ። ምትክ ሳትይዢ አታቁሚው።

1. ስለ ደሙ። በመጀመሪያዎቹ ወራት መዛባቱ የመርፌው ጠባይ ነው። እየቆየ ሲሄድ ብዙዎች ላይ የወር አበባው ጨርሶ ይቀራል፤ ሲቀርም ደም ውስጥ አይጠራቀምም። ከ8 ቀን በላይ ከቆየ ወይም ከወትሮው እጥፍ ከሆነ ግን ሄደሽ ታዪ። «ቀጣዩን ቀድመሽ ተወጊ፣ ይቆማል» የሚሉሽን አትስሚ። የሚያናድደኝ ባለሙያዎች «ደም ሊዛባ ይችላል» ብለው በአንድ ቃል ማለፋቸው ነው። በእኛ አገር ደም ተዛባ ማለት ቅዳሴ ቀረ፣ ጎረቤት ጠየቀ፣ አማት ጠረጠረ ማለት ነው። ብዙ ሴት መከላከያውን የምትተወው ሕመም ስለጠናባት ሳይሆን ይህ ስለተገለጠባት ነው። ስለዚህ መርፌው ከመሰጠቱ በፊት «ከማን ጋር ትኖሪያለሽ? ቤተ ክርስቲያን ታዘወትሪያለሽ?» ተብሎ መጠየቅ ነበረበት።

2. መቀየር ካሰብሽ። ክንድ ላይ የሚቀበረው (ኢምፕላኖን አንድ ዘንግ 3 ዓመት፣ ጃዴል ሁለት ዘንግ 5 ዓመት) እሱም ደም ያዛባል። በጣት ሲነካም ይታወቃል፤ በተቀበረ ሰሞን ደግሞ ፋሻው አለ። ላንቺ የሚሻለው ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ይመስለኛል። ሆርሞን ስለሌለው የወር አበባሽ ቀኑን ጠብቆ ይመጣል። ከ3 እስከ 6 ወር ደሙ ሊበዛና ቁርጠት ሊኖረው ይችላል፣ ይህን አውቀሽ ግቢበት። እስከ 12 ዓመት ያገለግላል። ክሩን አሳጥረው እንዲቆርጡልሽ ንገሪያቸው። የተለየ የማህፀን ፈሳሽ ካለሽ ደግሞ ከመግባቱ በፊት ተናገሪ። አንድ ነገር ልብ በይ፦ ሉፕ ስለገባ የመርፌው ደም በማግስቱ አይቆምም፣ መርፌው ከሰውነትሽ እስኪወጣ መታገሥ አለ።

3. መርፌው ላይ ከቆየሽ ካርዱን ቤት አታስቀምጪ፣ ጤና ጣቢያው ይያዝልሽ። ቀኑን በበዓል ቁጠሪ፦ በማርያም ቀን፣ በ21 ከተወጋሽ ከዚያ ቀጥሎ ያለችው ሦስተኛዋ ማርያም ቀጠሮሽ ናት። ጳጉሜን መሐል ብትገባም ችግር የለም፤ እስከ 4 ሳምንት ብታልፊም ይሰጥሻል።

ወተት ያደርቃል የሚባለው ሐሰት ነው። መካን ያደርጋልም ሐሰት ነው፤ ነገር ግን ወሬው ከየት እንደሚነሳ እወቂ። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ ለማርገዝ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል፤ በዚያ መሐል የባል ቤተሰብ «አመከናት» ይላል። ሦስተኛ ልጅ የምታስቢ ከሆነ ይህን ከአሁኑ አስቢበት። ሉፕና የክንዱ ግን በወጡ ጊዜ ወዲያው ማርገዝ ይቻላል።

«ባልሽን ይዘሽ ነይ» የሚል ካጋጠመሽ ሌላ ባለሙያ ጠይቂ። የባል ፈቃድ ግዴታ አይደለም፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 የቤተሰብ ምጣኔ ትምህርትና መረጃ የማግኘት መብት ለሴቷ ለራሷ ነው የሰጠው። ሉፑን ወይም የክንዱን «ጊዜው ሳይሞላ አላወጣም» ማለትም አይችሉም፤ በፈለግሽ ቀን ይወጣል። በመንግሥት ጤና ተቋም በነጻ ነው፣ ገንዘብ አትክፈዪ።

ለባልሽ መናገሩን አንቺ ነሽ የምትመዝኚው። የሚመታ ከሆነ አትንገሪው። ሰው የሚሰማ ከሆነ ግን ከሌላ ከሚሰማ ካንቺ ይስማ፤ ወንዶቹን የሚያስቆጣቸው «መከላከያ ሴት ያባልጋል» የሚለው የጠላ ቤት ወሬ ነውና ባለሙያዋ ፊት ቁጭ ብሎ ቢጠይቅ ይሻላል።

የቀበሌሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከአማትሽ ጋር ቡና የምትጣጣ ከሆነች በጠዋቱ ጀልባ ባሕር ዳር ካሉት ጤና ጣቢያዎች ወደ አንዱ ሂጂ። የልጅሽ የኩፍኝ ክትባት 9ኛ ወሩ ላይ ነው፤ ቀኑን ከዚያ ጋር አገናኚው። የክትባት ካርዱን ከላይ አድርገሽ ያዢ፣ «ወዴት ነሽ?» ለሚልሽ ሁሉ መልሱ እጅሽ ላይ ነው።