ፍሪጁን አትልቀቂው

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ደሴ ነው፤ አስተማሪ ነኝ። የመጀመሪያ የፊልም ስክሪፕቴን ጽፌ ጨረስኩ። 128 ገጽ ሆነ። ቤሩት በቤት ሠራተኝነት ቆይታ ስለተመለሰች ልጅ ነው። ግማሹ ቤሩት፣ ግማሹ ደሴ ይካሄዳል፤ የሚያልቀው በወንድሟ ሠርግ ነው። ታሪኩን የነገርኩት አንድ ፕሮዲውሰር «አሪፍ ነው፣ ግን ከበደ። ኮሜዲ እናድርገው። ቤሩቱን ቦሌ አፓርታማ ተከራይተን እንቀርጸዋለን» አለኝ። አሁን ሙሉውን በቴሌግራም ላኪልኝ እያለ ነው። ልላክለት? ታሪኬን ቢወስድብኝስ? ስክሪፕቱን ከደብዳቤዬ ጋር አያይዣለሁ።
ኤም፣ ከደሴ

መልስ፦ ኤም፣ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ያንቺ ፊልም ያለው ገጽ 71 ላይ ነው። ልጅቷ በላከችው ብር የተገዛው ፍሪጅ ሳሎን ቆሟል። መብራት ያቃጥለዋል ተብሎ አልተሰካም። እናቷ ዳንቴል አልብሳዋለች፤ ውስጡ ብርጭቆና የእድር ደብተር አስቀምጣበታለች። ልጅቷ ሌሊት ቀዝቃዛ ውኃ ፈልጋ ትከፍተዋለች። ደብተሩን ታያለች። ትዘጋዋለች። ይህን በአራት መስመር ጽፈሽ አለፍሽው! ከዚያ በፊት ያሉት ገጾች በለቅሶና በስልክ ሊነግሩን የደከሙበትን ነገር ፍሪጁ ብቻውን ጨረሰው።

ስለዚህ ቤሩትን አውጪው። በሙሉ።

ገንዘብ ስለሌለሽ ብቻ አይደለም፤ እሱም አለ። በረዳት ዳይሬክተርነት ስሠራ ቦሌን ዱባይ ለማድረግ ሞክረን እናውቃለን። መጋረጃው ተዘጋ፣ የዐረብ ምንጣፍ ተነጠፈ፣ ተዋናይዋ እንባዋ ሊመጣ ሲል ከታች የታክሲ ረዳት «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» ብሎ ጮኸ። የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን አውልቆ ሳቀ። ግን ዋናው ምክንያቴ ሌላ ነው። ደሴ ውስጥ ከዘመዱ ወይ ከጎረቤቱ አንድ ሰው ዐረብ አገር ያልሄደበት ማን አለ? መሄዱን ሁሉም ሰምቷል። ተመልሳ መጥታ የት እንደምትተኛ ግን ማንም አይጠይቅም። አንቺ ጠይቀሻል። እሷ ያሠራችው ክፍል ለሙሽሮቹ ቀለም እየተቀባ ነው፤ እሷ ሳሎን፣ ፍሪጁ ሥር፣ ፍራሽ ላይ ናት። እዚያው ቆዪ።

ቤሩት በልጅቷ ሰውነት ይምጣ። እናቷ ድንገት ስትጠራት በዐረብኛ «ሐዲር!» (እሺ፣ ታዛዥ!) ብላ ትነሳ። ምግቧን ወጥ ቤት ቆማ ትብላ። ወደ ሱቅ ለመውጣት ታናሽ እህቷን ታስፈቅድ፤ እህቷም ትሳቅባት።

ሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን በ1966 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ረጅም ፊልሙን፣ «ላ ኑዋር ደ…»ን (La Noire de…፣ በእንግሊዝኛ Black Girl)፣ ሲሠራ ጉዳዩ የአንቺው ዓይነት ነበር፤ ከዳካር ፈረንሳይ የሄደች የቤት ሠራተኛ። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። አብዛኛው አንድ አፓርታማ ውስጥ ነው። ልጅቷ ለአሠሪዎቿ የሰጠቻቸው ጭምብል ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይዞት ይሄዳል። ፈልገሽ እይው። እሱ ውጭ አገሩን መርጦ አገር ቤቱን በትዝታ አሳየ። አንቺ ያለትዝታ መሥራት ትችያለሽ፤ ጭምብል ባይኖርሽም ፍሪጅ አለሽ።

ሠርጉንም አሳንሺው። ለ300 እድምተኛ ድንኳን፣ ምግብና ልብስ ማን ይከፍላል? ዋዜማው ይበቃል። ሴቶቹ ደጅ ሽንኩርት ይከትፋሉ፣ ዘፈኑ በመስኮት ይገባል፣ ካሜራው ከሳሎን አይወጣም።

ስለ ርዝመቱ፣ «አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ» የሚባለው ለእንግሊዝኛ አጻጻፍና ለአንድ የፊደል መጠን የተሰላ ነው። በአማርኛ ይዛባል። ጮክ ብለሽ፣ እየተነሳሽ እየተቀመጥሽ አንብቢው፤ ሰዓቱን በስልክሽ ያዢ።

ወደ ፕሮዲውሰሩ እንምጣ። ኮሜዲ መውደዱ ኃጢአት አይደለም። ግን እሱ የሚፈልገው ሌላ ፊልም ነው፤ በሰላም ተለያዩ ባይ ነኝ። የቅጅ መብት አዋጁ (ቁጥር 410/1996) የተጻፈን ሥራ ከተጻፈበት ጊዜ ጀምሮ ይጠብቃል። ሐሳብን ብቻውን ግን አይጠብቅም። በአፍ የነገርሽውን ሐሳብ ሌላ ሰው በራሱ መንገድ ቢጽፈው ብዙ ማድረግ አትችዪም፤ 128 ገጹ ግን ያንቺ ነው። ኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቢው፤ ክርክር ቢነሳ ማስረጃ ይሆንሻል። ወደፊት ለማንም ስትሰጪ ቀን በሚታይበት ኢሜይል ይሁን። ገንዘብ ከተነሳ ደግሞ መጀመሪያ ወረቀት ላይ ይስፈር፦ ስክሪፕቱን እስከ መቼ እንደሚይዘው፣ ስንት እንደሚከፍል፣ ያላንቺ ፈቃድ መቀየር መቻል አለመቻሉ፣ ስምሽ የት እንደሚወጣ።

በነገራችን ላይ፣ ገጽ 40 ላይ ቡና ልትጠጣ የምትመጣዋ ጎረቤት በጣም ታወራለች። እሷን አትንኪያት።