ሰውዬው የት ሄደ? ፊደልስ ለምን ይሸጣል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከርመዋል? እናቴ አሜሪካ እህቴ ዘንድ ከርማ ኮምቦልቻ ከተመለሰች ወዲህ ወሬዋ ሁሉ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ጨዋታ ሆኗል። ትልቅ ጎማ ያሽከረክራሉ፣ ፊደል ይጠራሉ፣ አንዲት አምሮባት የለበሰች ሴት ፊደሉን ትገልጣለች። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ግን አንድም ማታ አያመልጣትም ነበር አሉ። «ጨዋታውን የሚመራው ሽማግሌ ሰውዬ በመሃል ጠፋ፣ ሞቶ ይሆን?» እያለች ትጨነቃለች። ጨዋታው ምንድን ነው? ፊደል በገንዘብ የሚገዙትስ ለምንድን ነው? በአማርኛ ቢሠራ ያስኬዳል?
አንባቢ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ አብሽሪ፣ ጡረታ ወጥቶ ነው። ፓት ሴጃክ ይባላል። ሎስ አንጀለስ ውስጥ የአየር ሁኔታ ሲያቀርብ የነበረ ሰው ነው። መድረኩን የያዘው በ1981 መጨረሻ፣ የለቀቀው በ2024 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። አሁን በእሱ ቦታ ራያን ሲክረስት ተተክቷል። ሴትየዋ ቫና ዋይት ናት፤ ከ1982 መጨረሻ ጀምሮ እዚያው ናት። ድሮ ፊደሉን በእጇ ታዞረው ነበር። ከ1997 ወዲህ ሰሌዳው ስክሪን ስለሆነ ማዞሩ ቀርቷል። እኔ የድሮው ይሻለኛል፤ ሰው ሲሠራ ይታያል።

የጨዋታው ስም ዊል ኦፍ ፎርቹን ነው። የፈጠረው መርቭ ግሪፊን የሚባል የቴሌቪዥን ሰው ነው። ልጅ ሳለ ከእህቱ ጋር መኪና ውስጥ ወረቀት ላይ ቃል እየደበቁ ይገማመቱ ነበር፤ ፊደል በተሳሳተ ቁጥር የተሰቀለ ሰው ምስል ላይ አንድ አካል ይጨመራል። እሱን ነው ጎማ ጨምሮ ጥር 1975 ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ ያቀረበው። የመጀመሪያው አቅራቢ ቸክ ዉለሪ ነበር፤ በደሞዝ ሳይስማማ ወጣ። የማታው ዝግጅት የተጀመረው በ1983 ነው።

ያኔ ደግሞ አሸናፊ ገንዘቡን ኪሱ ከትቶ አይሄድም ነበር። ስቱዲዮው ውስጥ ሶፋው፣ ጌጡ ዋጋ ተለጥፎበት ይደረደራል፤ አሸናፊው እያየ «ይሄን፣ ይሄን» እያለ ይገዛል። ነጠብጣብ የሸክላ ውሻ ሳይቀር ነበር! ለዚያ ውሻ ያንን ሁሉ ገንዘብ ማውጣት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ወደ ፊደሉ እንምጣ። ሦስት ተወዳዳሪዎች ተራ በተራ ጎማውን ያዞራሉ። ብሩ ላይ ከቆመላቸው ተነባቢ ፊደል ይጠራሉ፤ ፊደሉ በተገኘ ቁጥር ያን ያህል ይከፈላቸዋል። «ከሰርክ» የሚለው ላይ ከቆመ ግን የዚያ ዙር ገንዘብ ድራሹ ይጠፋል። አናባቢ (A፣ E፣ I፣ O፣ U) ለመጥራት 250 ዶላር መክፈል አለ። ምክንያቱም እንግሊዝኛ አምስት አናባቢ ፊደል ነው ያለው፤ ያለነሱ የሚጻፍ ቃል ከስንት አንድ ነው። በነጻ ቢሰጡ ጨዋታው ወዲያው ያልቃል።

በአማርኛ ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ደሴ ላይ ፊደል ሳስቆጥር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ይሄን ነገር ከልጆቹ ጋር ሞክሬዋለሁ። የኛ ፊደል አናባቢውን አዝሎ ስለሚመጣ ለብቻው የሚሸጥ ነገር የለም። ደግሞም ብዙ ነው። «ወሎ ገራገሩ» ብዬ ስድስት ባዶ ሳጥን ሣልኩ። «ገ» ያለ ልጅ ሁለት ተከፈተለት። «ረ» ያለው ግን ባዶ እጁን ቀረ፤ ያለው «ራ» እና «ሩ» ነዋ። አለቀሰ ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ሕጉን ለወጥን። «ረ» ያለ ሰው ከረ እስከ ሮ ያሉት ቦታቸው ይታወቅለታል፤ በሳጥኑ ላይ «ረ» ብቻ ይጻፋል። ራ ይሁን ሩ ማወቅ የፈለገ ከነጥቡ ይከፍላል። ይኸው አናባቢ መሸጥ ተቻለ ማለት ነው። «ሀ»ን፣ «ሐ»ን እና «ኀ»ን እንደ አንድ ቁጠሯቸው፤ አለበለዚያ ጭቅጭቁ ቡናው ሦስተኛው እስኪወርድም አያልቅ።

ለእናትሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃል፤ ጎማው ቢቀርም ግድ የለም። ሽልማቱን እንደ እንቆቅልሹ አገር አድርጉት። ከረቱሽ ኮምቦልቻን ስጫቸው፤ ሐይቅን ግን አደራ፣ ለእኔ ተዪልኝ።