ለጀማሪ ዘጋቢዎችና ለሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች

ልጆች፣ ከአራት ኪሎ እስከ ስታዲየም ባሉት ሆቴሎች ስለ ቤተሰብ ምጣኔ የተነገረው ሁሉ ገጠር ደርሶ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍኩ። የአውደ ጥናት ዜና መሥራት ቀላል ነው፤ ባነሩ ተሰቅሏል፣ የክብር እንግዳው ንግግራቸውን አትመው ይሰጧችኋል፣ አበልም አይጠፋም። ማታ "የቤተሰብ ምጣኔ ለገጠር ልማት ከፍተኛ ሚና እንዳለው ተገለጸ" ይባላል። የሚያዳምጡት እዚያው አዳራሽ የዋሉት ሰዎች ናቸው።

በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው ከአራት ሴቶች ሦስቱ ያህል በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ጋዜጣ አያነቡም፣ ሬዲዮ አይሰሙም፣ ቴሌቪዥንም አያዩም። ሬዲዮ ባለበት ቤትም ቢሆን ብዙውን ጊዜ የሚከፍተውና የሚዘጋው ባልየው ነው። እንግዲህ ለእሱ ሥሩለት። ጉዳዩን ከጤና ፕሮግራም አውጥታችሁ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ወሬ ያለበት የግብርና ፕሮግራም ውስጥ አስገቡት።

"ልጅ በዕድሉ ያድጋል" ይላችኋል። አትሳቁበት። ልጅ ጉልበትም ጡረታም በሆነበት ኑሮ አባቶቹ የተናገሩት ከንቱ አልነበረም። ይልቅ ስለ መሬቱ ጠይቁት። ከአባቱ ስንት ጥማድ ደረሰው? እሱስ ለልጆቹ ምን ያህል ያካፍላል? ብዙ ገበሬ ያለው ከአንድ ሄክታር በታች ነው፤ ሂሳቡን በጣቶቹ ቆጥሮ ይነግራችኋል። እናንተ ማይክሮፎኑን ያዙለት እንጂ አታቋርጡት። አንድ ሰዓት ሙሉ ከሚያብራራ ባለሙያ ይልቅ ጎረቤቱ እሱን ይሰማል።

ቅስቀሳ ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ ወደ ጤና ኬላው ደውላችሁ የወሊድ መከላከያው መኖሩን አጣሩ። የወሊድ መከላከያ መርፌው በየሦስት ወሩ የሚወሰድ ነው። ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ "አልመጣም" ተብላ የተመለሰች እናት ሁለተኛ አታምናችሁም። በ1992 ዓ.ም. ካገቡ ሴቶች የወሊድ መከላከያ የሚጠቀሙት 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 36 በመቶ ደረሱ። ለእኔ ይህ በአብዛኛው በየቤቱ የዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ድካም ነው፤ እኛ አጃቢዎች ነን። ያም ሆኖ በ2008 ዓ.ም. ካገቡ ሴቶች 22 በመቶዎቹ መውለድ ማራራቅ ወይም ማቆም እየፈለጉ መከላከያ አልተጠቀሙም ነበር።

ስለ ጎንዮሽ ጉዳትም ዝም አትበሉ። መርፌ የወሰደች ሴት የወር አበባዋ ሊዛባ ወይም ሊቀር ይችላል። ይህን ከእናንተ ካልሰማች ደሙ ሆዷ ውስጥ ተጠራቅሟል የምትላት ጎረቤት አታጣም።

ፎቶ ስታነሱ ተጠንቀቁ። የቀጠሮ ካርዷን በበርበሬ ዕቃ ሥር ከባሏ የምትሸሽግ ሴት አለች። እሺ ማለቷ ብቻ አይበቃም፤ ጋዜጣው ወረዳ ጽሕፈት ቤት ድረስ እንደሚሄድ፣ ባሏም እዚያ ለግብር ሲመጣ ሊያየው እንደሚችል አስቀድማችሁ ንገሯት። ያኔ እምቢ ካለች የነገረቻችሁን ያለ ስምና ያለ ቀበሌ ጻፉት። በሬዲዮም ቢሆን ቃሏን ሌላ ሰው ያንብበው፤ ድምጿን ጎረቤት ይለየዋል።