ጥያቄና መልስ፦ አክንባሎ የመሰለው የወለል ማጠቢያ ለየትኛው ማሽን ይሆናል?

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ እንደምን ከረሙ። ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ትንሽ ላቫጆ አለችኝ። ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ሆቴሎችና ፔንሽኖች ግቢያችን አረንጓዴ ሆኖ እንግዳ እያንሸራተተብን ነው መጥተህ እጠብልን ይሉኛል። በግፊት ማጠቢያ ማሽኔ ሽጉጥ ብቻ ሳጥበው ቀኑ ያልቃል፣ ጭቃው ግድግዳ ላይ ይረጫል፣ ሲደርቅ ደሞ ወለሉ ዝንጉርጉር ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰርፌስ ክሊነር የሚሉትን ክብ ነገር ልገዛ ብዬ መርካቶ ሳስጠይቅ ባለ 20 ኢንች፣ 4000 ፒኤስአይ የሚል አለ አሉኝ፣ ባለ 12ም አለ። ትልቁን ብወስድ ቶሎ አልጨርስም? ማሽኔ ላይ የተጻፈው 150 ባር፣ 11 ሊትር በደቂቃ ነው፣ በ220 ቮልት ነው የሚሰራው።

መልስ

ተመስገን ደህና ከርመናል። 20ውን ተወው፣ ከ12 እስከ 14 ኢንች ያለውን ፈልግ። ለምን የሚለውን ላስረዳህ፣ ሻጩ ፒኤስአይ ፒኤስአይ (እንደ ባር የግፊት መለኪያ ነው) ከማለት ውጪ ይሄን አይነግርህም።

ነገርየው ከላይ ሲያዩት የምጣድ አክንባሎ ነው የሚመስለው፣ ከስሩ ግን የሚሽከረከር ዘንግ አለ፣ በዘንጉ ጫፍና ጫፍ ኖዝል (ውሃው የሚረጭበት ጠባብ አፍ) ተገጥሞበታል። ሞተር የሚባል ነገር የለውም። ኖዝሎቹ ትንሽ ሰያፍ ተደርገው ስለተገጠሙ ውሃው ሲወጣ ዘንጉን ወደ ኋላ እየገፋ ያዞረዋል፣ ስለዚ የሚያዞረውም የሚያጥበውም ያው ካንተ ማሽን የሚመጣው ውሃ ነው፣ ሌላ ጉልበት ከየትም አይጨመርም። ክዳኑ በሰፋ ቁጥር ያቺው 11 ሊትር ብዙ ቦታ ላይ ትበተናለች ማለት ነው። 20 ኢንች 50 ሳንቲም ገደማ ነው፣ 12ቱ 30 ሳንቲም፣ ክቡን ስታሰላው ትልቁ ከትንሹ ወደ 2.8 እጥፍ መሬት ይሸፍናል። እና ባንተ ማሽን 20ውን ብትነዳው ዘንጉ እየተንቀራፈፈ ይዞራል፣ አልጌውን ከላይ ከላይ ያርሰዋል እንጂ አይነቅለውም፣ ደግመህ ደጋግመህ ስትሄድበት ቶሎ እጨርሳለሁ ያልከው ነገር ቀረ።

ስራውን የሚሰሩ ሰዎች የያዙት ግምት አለ፣ በደቂቃ ለ1 ጋሎን ከ4 እስከ 5 ኢንች ነው። ጋሎን የሚሉት የአሜሪካኑን ነው፣ 3.8 ሊትር ገደማ። ያንተ 11 ሊትር 2.9 ጋሎን ይሆናል፣ ስታባዛው 12 አካባቢ ጀምሮ 14 ተኩል ላይ ያልቃል። 20 ኢንቹ ከ15 እስከ 19 ሊትር በደቂቃ የሚተፋ ማሽን ነው የሚፈልገው፣ እሱ ደሞ በአብዛኛው በቤንዚን ወይ በስሪ ፌዝ የሚሰራው ትልልቁ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው 4000 ፒኤስአይ እስከዚ ድረስ እችላለሁ ማለቱ ነው እንጂ ይሄን ያህል ግፊት እሰጥሃለሁ ማለቱ አይደለም። ባርን በ14.5 ስታባዛው ፒኤስአይ ይመጣልሃል፣ ያንተ 150 ባር 2175 ነው፣ 4000 የሚል ክዳን ስለገጠምክለት አያድግም።

አሁን ደሞ 11 ሊትር የሚለው ራሱ ውሃው በደንብ ከገባለት ነው። ሳትገዛ በፊት ማሽኑን የሚመግበውን ጎማ ንቀልና ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ ክተተው፣ ስልክህን አውጥተህ ሰዓት ያዝ። በ1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ካልሞላ ፓምፑ ከሚፈልገው በታች ነው እየጠጣ ያለው፣ ሽጉጡ የሚያስነጥሰውም ፓምፑ የሚንጫጫውም በዚ ምክንያት ነው። ብዙ ሆቴል ቤት ውሃው ከሮቶ ነው የሚወርደው፣ ሮቶው ዝቅ ያለ ቦታ ከተቀመጠና ጎማው ቀጭንና ረጅም ከሆነ ውሃው ተለማምጦ ነው የሚመጣው። ወፈር አጠር ያለ ጎማ የራስህ ይኑርህ፣ ስራ ስትሄድ የሰው ጎማ ላይ አትመካ።

ሌላው ማንም የማያየው ኖዝሉ ነው። አሁን ሽጉጥህ ላይ ያለውን ኖዝል ፍታና ቁጥሩን አንብበው፣ ለምሳሌ 2504 ካለ 25ቱ ውሃው የሚበተንበት ዲግሪ ነው፣ 04ቱ የቀዳዳው መጠን። ላንተ 150 ባርና 11 ሊትር የሚሆነው 04 ነው። ሰርፌስ ክሊነሩ ላይ ሁለት ኖዝል ስላለ ሁለቱ ተደምረው ነው 04 መሆን ያለባቸው፣ ማለትም 02 እና 02። ሁለቱም 025 (2.5 ማለት ነው) ሆነው ከመጡ ድምሩ 5 ሆነ፣ ግፊትህ ከ150 ወደ 93 ባር አካባቢ ይወርዳል፣ ከዛ ማሽኑ ደከመ ተብሎ መካኒክ ጋ ይኬዳል፣ ማሽኑ ምንም አልሆነም። በተቃራኒው ኖዝሎቹ ከጠበቡ ውሃው መውጫ አጥቶ በባይፓስ እየተመለሰ ፓምፑ ውስጥ ይዞራል፣ ይግላል፣ ጎሚኒውን ይበላዋል። ሻጩን 02 ኖዝል አለህ ወይ ብለህ ጠይቀው፣ ከሌለው ለብቻው ፈልገህ ግዛ፣ ትንሽ ብረት ናት ግን ስራው በሙሉ እሷ ላይ ነው።

ዕቃው እጅህ ሲገባ ዘንጉን በጣትህ አዙረው፣ ለስላሳ ሆኖ ረዘም ላለ ጊዜ መዞር አለበት፣ የሚያንቋቋ ወይ ወዲያው የሚቆም ከሆነ ኩሽኔታው አይረባም ሌላ አምጣ በለው። መሀሉ ላይ ያለው መዞሪያ ግሪስ መስጫ ያለው ቢሆን ይሻላል፣ ቶሎ የሚያረጅ ቦታ እሱ ነው። ላንተ ዓይነት በየቀኑ ለሚሰራ ሰው ፕላስቲክ ክዳን አልመክርም። ዙሪያው ብሩሽ ብቻ ያለው ለሴራሚክና ለደህና ሊሾ ጥሩ ነው፣ ከስሩ የሚንከባለል እግር ያለው ደሞ ለጎርባጣ ይሻላል ምክንያቱም ኖዝሉ ከመሬቱ ሁለት ሦስት ሳንቲም ርቀቱን ጠብቆ ይሄዳል።

ኮብልስቶን ካጋጠመህ ግን (ባሕር ዳር ውስጥ ደሞ አይቀርልህም) ከባለቤቱ ጋ አስቀድመህ ተነጋገር። በድንጋዮቹ መሀል ያለው አሸዋ ነው ድንጋዩን አጥብቆ የያዘው፣ ሰርፌስ ክሊነር ያን አሸዋ እየጠረገ ያወጣዋል፣ ግቢው አምሮ ታየና ከወር በኋላ ድንጋዩ መነቃነቅ ሲጀምር የሚጠሩት አንተን ነው። ግፊቱን ቀንሰህ፣ ቶሎ ቶሎ እያለፍክ እጠብ፣ ሲደርቅ አሸዋ ተመልሶ በመጥረጊያ እንዲሞላ ከዋጋው ጋ አብራችሁ ተስማሙ። ገና የተሞላ ኮንክሪት ደሞ ቢያንስ ወር ሳይሞላው አትንካው።

አነዳዱ ቀላል ነው፣ በዝግታ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ አዲሱ መስመር የበፊቱን ትንሽ እየደረበ። ወለሉ ላይ ክብ ክብ ምልክት ከቀረ እየሮጥክ ነው ማለት ነው። እጀታው ድንገት መንቀጥቀጥ ከጀመረ አንዱ ኖዝል ተደፍኗል፣ ማሽኑን አጥፋ፣ ሽጉጡን ጫን አድርገህ የቀረውን ግፊት አስወጣ፣ ከዛ ነው ገልብጠህ የምታየው። እየዞረ ገልብጦ ስሩን ለማየት የሚሞክር ሰው አለ፣ በዛ ግፊት የሚወጣ ውሃ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል፣ ጨዋታ አይደለም።

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች፣ ባሕር ዳር ነው የምኖረው። ልጄ ከጀርመን ትንሿን ቢጫ ካርቸር የግፊት ማጠቢያ ማሽን አምጥቶልኛል። በረንዳዬ ሴራሚክ ነው፣ ግቢው የድሮ ሊሾ ነው፣ ከዛፉ ላይ ወፎቹ የሚጥሉት ነገር ደርቆ አልለቅ ብሎኛል። ሱቅ ሄጄ ሰርፌስ ክሊነር ስጠይቅ ሁሉም ይገጥማል ውሰጂ አለኝ። እውነት ሁሉም ይገጥማል?

መልስ

እናታችን፣ አይገጥምም። የእርሶ ዓይነቷ ቢጫ ማሽን ሽጉጧ ላይ ያለው መግጠሚያ ገፋ አድርገው ጠምዘዝ ሲያደርጉት የሚቆለፍ የራሱ ዓይነት ነው። ገበያ ላይ የሚሸጡት አብዛኞቹ ግን ወይ ጥርስ ያላቸው ኤም 22 የሚባሉ ናቸው ወይ ደሞ ጠቅ ብሎ የሚገባው ሩብ ኢንች። ስለዚ ወይ ራሱ ካርቸር ለዚች ማሽን የሚሰራውን ቲ ሬሰር የሚባለውን ልጅዎ በሚቀጥለው ሲመጣ ያምጣልዎት፣ ወይ አዳፕተር ይፈልጉ። ሱቅ ሲሄዱ በቃል ከማስረዳት ሽጉጡን ይዘው ይሂዱ፣ እዛው ገጥመው ይዩት። ኤም 22 ራሱ ሁለት ነው፣ ውስጡ 14 ሚሊሜትር እና 15 ሚሊሜትር፣ ጥርሱ አንድ ስለሆነ ሁለቱም ይጠብቃሉ ግን ካልተመሳሰሉ ያፈሳሉ፣ ባለሱቁም ጎሚኒ ይቀየርለት ይላል፣ ጎሚኒ ቢቀየር አይፈታም።

መጠኑን በተመለከተ ካርቸር ራሱ ለዚች ማሽን ከሚሰራው የሰፋ እንዳይወስዱ፣ ትንንሾቹ ማሽኖች በደቂቃ 6 ሊትር ምናምን ነው የሚሰጡት። ለእርሶ ፕላስቲኩ ይበቃል፣ በሳምንት አንዴ ለሚታጠብ በረንዳ ብረት ተሸክመው ወገብዎን አይጉዱ።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሊሾው ነው። የድሮ ሊሾ ላዩ መፈርፈር ከጀመረ ይሄ ነገር ልጦ ያነሳዋል። መጀመሪያ ጥግ ላይ፣ ሰው የማያየው ቦታ ይሞክሩት፣ አሸዋ አሸዋ የሚል ነገር ከወጣ ያቁሙ፣ እሱ ግቢ የሚታጠበው በመጥረጊያ ነው። የሴራሚኩንም መገጣጠሚያ ስሚንቶ ይዩት፣ ከተሰነጠቀ ውሃው ስር ይገባል። የወፉን ነገር ደሞ ውሃ አፍስሰውበት ግማሽ ሰዓት ይተዉት፣ ይለቃል፣ ደርቆ እያለ በግፊት ከመቱት ተበትኖ አፍንጫዎት ውስጥ ነው የሚገባው። ለአልጌው በረኪና በውሃ አቅጥነው ማድረግ ይችላሉ፣ ብቻ ከሽንት ቤት አሲድ ጋር በፍጹም እንዳይቀላቅሉት፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። የሚፈሰውም ወደ አትክልቱና ወደ ሐይቁ በሚሄደው ቦይ እንዳይሆን ይጠንቀቁልን።

ጥያቄ

ከጎርጎራ ነው። የጀልባ መውረጃችን ኮንክሪት ነው፣ ጭቃና አልጌ ይዞታል። ማሽኑም ሰርፌስ ክሊነሩም አለን፣ የቧንቧ ውሃ ግን እዛ ድረስ አይደርስም። ቀጥታ ከጣና ስቦ ቢሰራ ምን ይሆናል?

መልስ

ለጥቂት ጊዜ ይሰራል። የሐይቁ ውሃ በተለይ ከክረምት በኋላ ደለል ነው፣ ላዩ ደሞ የእምቦጭ ስብርባሪና አልጌ አለበት፣ የናንተ ኖዝል ቀዳዳ 1 ሚሊሜትር የማይሞላ ከሆነ አንድ ቅጠል ይደፍነዋል፣ ደለሉ ደሞ የፓምፑን ጎሚኒ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ሁለት በርሜል ይኑራችሁ። በትንሽ የውሃ ፓምፕ ወይ በባልዲ ወደ አንደኛው ሙሉና አሳድሩት፣ ጠዋት ከላይ ያለውን ብቻ በጨርቅ አጥልላችሁ ወደ ሁለተኛው ገልብጡ፣ ማሽኑ ከሁለተኛው ይጠጣ፣ በርሜሉን ከማሽኑ ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት። የማሽኑን ማስገቢያ ወንፊት በየበርሜሉ አውጥታችሁ እጠቡት። ውሃ ለመቅዳት በባዶ እግር ሐይቁ ውስጥ አትቁሙ፣ ቢልሃርዚያ ያለበት ውሃ ነው፣ ቦት ጫማ አድርጉ።

ከጀልባ ሞተር የፈሰሰ ዘይት ወለሉ ላይ ካለ ሳታጥቡ በፊት አሸዋ ወይ ሰጋቱራ በትናችሁ ይምጠጠው፣ ጠርጋችሁ በጆንያ አውጡት፣ ዓሣው ያለው እዛው ስር ነው። እጥበቱን ከላይ ጀምራችሁ ወደ ውሃው ውረዱ፣ ግን የመጨረሻዋን ሜትር በሰርፌስ ክሊነሩ አትሞክሯት፣ ተዳፋት ላይ እርጥብ ሆኖ ከእጅ አምልጦ ይንሸራተታል፣ ማሽናችሁ የመብራት ከሆነ ደሞ ኬብሉን ይዞት ሐይቅ ገባ ማለት ነው። እሷን በረጅም እጀታ ብሩሽ ፈትጓት።