ግፊትና ስኳር የከተማ በሽታ ናቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። አባታችን 58 ዓመታቸው ነው፤ ቀጭን፣ ከሞፈር ተለይተው የማያውቁ ገበሬ ናቸው። ለጉንፋን ጤና ጣቢያ ሄደው ግፊታቸው 160 በ100 ተባለ። «ይህ የከተማ ሰው በሽታ ነው፤ እኔን ምንም አላመመኝም» ብለው በሦስተኛው ሳምንት መድኃኒቱን ተዉት። እውነት ገጠር ውስጥ ግፊት አለ?
አንባቢያችሁ፣ ከደብረ ታቦር አካባቢ

መልስ፦ አለ፣ ያውም ብዙ። በ2007 ዓ.ም. ከተማና ገጠርን ያካተተ አገር አቀፍ ጥናት ተካሂዶ ነበር፤ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ከሆኑ 100 ሰዎች 16 ያህሉ ግፊት ተገኝቶባቸዋል። አባታችሁ ምንም አለመታመማቸው አያስተማምንም፤ ግፊት ሳይሰማ ቆይቶ ነው ሰውን ሽባ የሚያደርገው፣ ኩላሊት የሚያበላሸው።

ቅጥነትና የጉልበት ሥራ ይጠቅማሉ፤ የጨውን ጉዳት ግን አያጠፉም። በዚያው ጥናት አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8 ግራም ገደማ ጨው ይበላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ነው። የቤታችሁን ለማወቅ አንድ ኪሎ ጨው የተከፈተበትን ቀን ጻፉ። አምስት አዋቂ ያለበት ቤት ቢያንስ 40 ቀን ሊያቆየው ይገባል፤ በ25 ቀን ካለቀ እያንዳንዱ 8 ግራም እየበላ ነው። ለከብት የሚሰጠውን ለዩት፣ አለዚያ ሂሳቡ ይፋለሳል። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም ገብቶበታል፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ደግሞ ይነሰነስበታል። ይህን የመጨረሻውን ተዉት። ቡና በጨው የምትጠጡ ከሆነም ቀስ በቀስ ቀንሱ፤ ምላስ ይለምደዋል። ጨዉ ግን አዮዲን ያለው ይሁን።

አባታችሁ አሁኑኑ ተመልሰው ይለኩ። ዳገት ወጥቶ የመጣ ሰው ወዲያው ከተለካ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ 5 ደቂቃ ይረፉ። ከዚያ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና፣ ጫትና ሲጋራ አይኑር። መለኪያው በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር እንጂ በጋቢ ወይም በሹራብ ላይ አይሁን፤ ክንዱም በልብ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ይረፍ። ከ1 ወይም 2 ደቂቃ በኋላ ይደገም። 140 በ90 እና ከዚያ በላይ በተለያየ ቀን ከተገኘ ግፊት ነው።

መድኃኒቱን ያስተዋቸው ሌላ ምክንያት ካለም ጠይቋቸው። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል፣ አምሎዲፒን የእግር እብጠት ሊያመጣ ይችላል፤ ያኔ ባለሙያው ይቀይረዋል። ግፊቱ ሲወርድ «ድኛለሁ» ብሎ ማቆም ግን መልሶ ያወጣዋል። ቀጠሮውን በገበያ ቀን አስይዙ፣ እንዳይቀር።

ጥያቄ፦ የ19 ዓመት ወንድሜ ከስቷል፣ ውኃ አይጠግብም፣ ሌሊት ለሽንት ይመላለሳል። ስኳር የወፍራም ሰው አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። ገጠር ውስጥ ቀጫጭን ወጣቶችንም ይይዛል፤ ክሳቱ ቲቢ እየመሰለ ሕክምናው ይዘገያል። ዛሬውኑ ያስመርምሩት። እንዲህ ምልክት እያለው በማንኛውም ሰዓት በደሙ ውስጥ ያለው ስኳር ተለክቶ በዴሲ ሊትር 200 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ከታየ ስኳር ነው። ማስመለስና ቶሎ ቶሎ በረጅሙ መተንፈስ ከመጣ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዱት። ኢንሱሊን ከታዘዘለትና ማቀዝቀዣ ከሌለ፣ ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላችሁ በትንሽ ገንቦ ክተቱት፤ ገንቦውን በትልቅ ገንቦ ውስጥ አስገብታችሁ መሃላቸውን በአሸዋ ሙሉና አሸዋውን ጠዋትና ማታ አርጥቡት። የተከፈተ ብልቃጥ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣል። ምግብ አልበላም ባለ ቀንም ኢንሱሊኑን ጨርሶ አያቋርጥ፤ መጠኑን ጤና ጣቢያ ጠይቁ።