ሽንኩርቱን አብራችሁ ክተፉ

ውጭ አገር ትዳርን ከጠብ ይልቅ የሚያቀዘቅዘው የሰዓት እጦት ነው። እሱ የሌሊት ሺፍት ይገባል፣ እሷ ጠዋት ትወጣለች። አንዱ ሲመጣ ሌላው ተኝቷል። ወጡ ፍሪጅ ውስጥ በፕላስቲክ ዕቃ ተቀምጧል፤ ማይክሮዌቭ ውስጥ ሞቅ ይደረግና ስልክ እየታየ ቆሞ ይበላል። ሳምንቱ እንዲህ ያልፋል፣ ወሩም ይከተላል። የሚዋደዱ ሁለት ሰዎች ሳያውቁት የቤት ኪራይ ተጋሪ ብቻ ይሆናሉ።

ብዙ ዓመት በስደት ኖሬያለሁ። ሽምግልና ተቀምጬ የሰማኋቸው ትዳሮችም ጥቂት አይደሉም። ከዚያ ሁሉ ተነስቼ የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው። በሳምንት አንዴ፣ ሁለታችሁም እረፍት በሆናችሁበት ቀን፣ አብራችሁ አብስሉ። አብራችሁ ስል አንዷ ምድጃ ላይ ቆማ ሌላው ሶፋ ላይ ኳስ የሚያይበትን ማለቴ አይደለም። የሁለታችሁም እጅ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሽተት።

ቶሎ የሚደርስ ምግብ አትምረጡ። ለዚህ ጉዳይ ከዶሮ ወጥ የሚሻል አላውቅም፤ ጊዜ ካልሰጡት አይሆንማ። ሽንኩርቱ ደቆ ይከተፋል፣ ያለ ዘይት ደረቅ ድስት ላይ ይጣዳል። ውሃው እስኪመጥ፣ መልኩም እስኪቀየር ከላዩ ዞር አይባልም፤ ትንሽ ከተዘናጉ ያርራል። ከዚያ ዘይቱ፣ ከዚያ በርበሬው፣ ጠብ ጠብ እየተደረገ ውሃው፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብሉ፣ ቅቤው። ቁሌቱ ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል። ያ ሰዓት የእናንተ ነው። አንዱ ሲያማስል ሌላው ዶሮውን በሎሚና በጨው ያጥባል፣ እንቁላል ይቀቅላል። ክንድ ሲዝል ማማሰያው እጅ ይለውጣል። አፓርትመንት ውስጥ ከሆናችሁ ብቻ መስኮቱን ከፈት፣ ካፖርቶቻችሁን ቁም ሳጥን ውስጥ ዘጋ አድርጋችሁ ጀምሩ።

እጅ ሥራ ሲይዝ አፍ ይፈታል። «እስቲ ቁጭ በልና እንነጋገር» ሲባል ጭጭ የሚል ሰው፣ ድስት ላይ አጎንብሶ ሳለ ሳይጠየቅ ያወራል። በተለይ ወንዶቻችን። አለቃው የተናገረው ክፉ ቃል፣ አገር ቤት የታመመችው እናቱ፣ የሚላከው ገንዘብ አልበቃ ማለቱ፣ ሁሉም እዚያ ይወጣል። ዓይን ለዓይን ተፋጥጦ የማይባለው ነገር ጎን ለጎን ቆሞ ይባላል። ለዚህ ነው ምግብ ቤት ወጥቶ መብላትን ባልቃወምም ከዚህ እኩል የማላየው። እዚያ ሌላ ሰው ነው የሚደክምላችሁ።

የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ። እሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ሰንብቶ ነው የሚመጣው። በመጣ ማግስት ዶሮውን ሙሉውን ይገዛል፤ 12ቱን ብልት የሚያወጣው እሱ ነው፣ አሳምሮ። እሷ ቁሌቱን ትይዛለች። ጨውን ለመቅመስ ሲደርስ ከማማሰያው ላይ ጠብ አድርጎ መዳፏ ላይ ያኖርላታል። እፍ ብላ ትልሳለች፣ ትንሽ ታስባለች፣ «ኮረሪማ ቀርቶታል» ትላለች። ይጨምራል። እንደገና መዳፏን ትዘረጋለች። ልጆች አድርሰዋል፣ ዕድሜም ገፍቷል፤ እኔ ግን ያንን ሳይ ገና የተጫጩ ይመስሉኛል።

ወንድሞቼ፣ «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» የሚለውን ተዉት። ያ ሲባል ማጀቱ ውስጥ እናት ነበረች፣ እህት ነበረች፣ የአክስት ልጅ ነበረች፣ ቡና የምትወቅጥ ጎረቤት ነበረች። እዚህ ማጀቱ ውስጥ ያለችው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም እንዳንተው ስምንት ሰዓት ቆማ ሠርታ ነው የገባችው። እንደዚያ ደክሟት ያቀረበችውን ብቻህን ተቀምጠህ ስትበላ ፍቅሯ ቢቀዘቅዝ አይድነቅህ። ሙያ የለኝም አትበል። ሽንኩርት ልጥ፣ ሽሮ አማስል፣ ሰላጣ ቁረጥ። ዕቃውንም ስትጨርስ እጠብ፤ ለእሷ ከአበባ የሚበልጥባት ቀን አለ።

እህቶቼ፣ እናንተም ማማሰያውን ከእጁ አትንጠቁት። ሽንኩርቱን አጉል ቢያወፍረው ወጡ አይሞትም። «ተወው፣ እኔው ልሥራው» የተባለ ወንድ ሁለተኛ ወጥ ቤት አይገባም። ለሁለታችሁም ደግሞ፦ «የእናቴ ወጥ እንዲህ አይደለም» የሚል ቃል በዚያች ቀን ከአፋችሁ አይውጣ። የሰው ልፋት ገና እየበሰለ ሳለ የሚባል ነገር አይደለም።

ሲደርስ በየሳህኑ አትከፋፈሉት። አንድ ትሪ ላይ አቅርቡ፤ ስልኩ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። ተጎራረሱ። በልጆቹ ፊትም ቢሆን አትፈሩ፣ ይዩ። ጉርሻ ስትጠቀልሉ ልኩን እወቁ፣ የሚወደውን ሥጋ ለይታችሁ አኑሩበት። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል ድገሙት። ተኳርፈው ለሰነበቱ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ማስታረቂያ አላየሁም። ይቅርታ ከአፉ አልወጣ ያለው ሰው እጁ ይቀድመዋል። ጉርሻውን የተቀበለም ኩርፊያውን ይዞ መቀጠል ይከብደዋል።

እንጀራው ግድ የለም፣ ግዙት። ጊዜ ያላችሁ ግን አንዳንዴ ጋግሩ። ጤፍ አሁን አሜሪካ አይዳሆ ውስጥም ይበቅላል፣ የኤሌክትሪክ ምጣድም እንደ ልብ ነው። በብርድ አገር ሊጡ አልቦካ ካላችሁ፣ እሳቱን ሳታበሩ የኦቨኑን መብራት ብቻ አብርታችሁ ውስጡ አሳድሩት። ጠዋት ማን ቀድሞ እንዳየው፣ አብሲቱን ማን እንደሚጥል መነጋገሩ ራሱ ቤት ያሞቃል። ቡናውንም አቦል ብቻ ጠጥታችሁ አትነሱ፤ በረካ ላይ ድረሱ።

ሃይማኖታችሁ የተለያየ ከሆነ ሥጋው ላይ አትጋፉ፤ ማንም የማንንም እምነት ድስት ውስጥ አይፈትን። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ሱፍ ፍትፍት ሁለታችሁንም ያስማማሉ። እሱ ሲጾም እሷ ሳምቡሳውን ብትጠቀልልለት፣ እሷ ሁዳዴ ስትይዝ እሱ ምስሩን ቢሠራላት፣ ከስንት ቃል የሚበልጥ አክብሮት ነው። የትዳር ጓደኛችሁ የሌላ አገር ሰው ከሆነ ደግሞ ከአልጫ ጀምሩ፣ ጉርሻን ቀድማችሁ አስረዱ፤ ሳይታሰብ አፍ ላይ የሚመጣ እጅ የሚያስደነግጠው ብዙ ነው። የእነሱንም ምግብ ተማሩ። ሁልጊዜ እናንተ አስተማሪ፣ እሱ ወይም እሷ ተማሪ መሆን የለባቸውም።

ገና ለምትተዋወቁ ወጣቶች፣ ወዳጆቻችሁ ባሉበት አንድ ቀን አብራችሁ አብስሉ። ወጡ ሲያርር የሚቆጣውንና ሌላ ሽንኩርት የሚያነሳውን እዚያው ትለዩታላችሁ።

በመጨረሻ አገር ቤት አግብታችሁ ቪዛ ለምትጠብቁ። ይሄ ጥበቃ ስንቱን እንዳቀዘቀዘ አውቃለሁ። «ምን በላሽ? ምን በላህ?» ብሎ መዝጋት ሲበዛ ወሬው ራሱ ያልቃል። በቪዲዮ አብራችሁ አብስሉ። ዋሽንግተን እሁድ ጠዋት ሲሆን አዲስ አበባ አመሻሽ ነው፤ ያንተ ቁርስ የእሷ እራት ይሆናል። ስልኩን ምድጃው አጠገብ አቁመውና «አሁን ሽሮውን ነስንስ፣ አማስል፣ እንዳይጓጉል» ትበልህ። ቤትህን ታየዋለች፣ ድስትህን ታውቀዋለች፤ ስትመጣ እንግዳ አትሆንበትም። በመጣች ቀን ምግብ ቤት አትውሰዳት። ቤት አስቀምጣትና የተማርከውን ሽሮ ራስህ ሥራላት፤ መንገዱ አድክሟት ነው የምትመጣውና ቀጠን ይበል።