ለየት ያለ ኬዝ ለገጠማችሁ ወጣት ሐኪሞች

ሰሞኑን ከእናንተ ከወጣቶቹ የሚደርሰኝ ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው። "ዶክተር፣ ለየት ያለ ኬዝ አግኝቻለሁ፣ የት ላሳትመው?" ደስ ይለኛል። እኛ ኢንተርን ሳለን ጽሑፍ ማሳተም የፕሮፌሰሮች ጉዳይ ነበር፤ የኛ ድርሻ ከካርድ ክፍል ካርድ ማስወጣት ነበር። አሁን ሬዚደንቱም ነርሱም ይጽፋል፣ እሰየው ነው። ግን "የት ላሳትመው" የሚለው "ምን አየሁ" ከሚለው ቀድሞ ሲመጣ ያሳስበኛል። ዕድሜዬን በሐረርና በድሬ ዋርዶች ስለጨረስኩ በዚህ ላይ የምለው አለኝ። ዓመቶቹን እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ።

አንድ ታካሚ ላንሳላችሁ። ሆስፒታሉን አልጠራም። ወጣት ነው፣ ከገጠር የመጣ፣ ወራት የቆየ ትኩሳት ያለበት። ከስቷል። ጣፊያው አብጦ እምብርቱ ጋ ደርሷል፤ ሆዱን ስትነኩት በግራ በኩል እንደ ጣውላ ይጠጥራል። የወባም የታይፎይድም መድኃኒት ተሰጥቶታል፣ ጠብ ያለለት ነገር የለም። ደሙ ሲታይ ቀዩም ነጩም ፕላትሌቱም ወርዷል። ራውንድ ላይ አንዱ የደም ካንሰር ነው ይላል፣ ሌላው የለም ቲቢ ነው ይላል። ካርዱ ላይ "ሥራ፦ ገበሬ" ተብሎ ተጽፏል፣ በቃ። ልጁ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ የሚያስተረጉመው ታላቅ ወንድሙ ነው። ልጁ ረዘም አድርጎ ያወራል፣ ወንድምየው "ምንም የለም ይላል" ብሎ ይቋጨዋል። ይህን አስተርጓሚ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

አንድ ቀን ማታ ተረኛዋ ነርስ ግሉኮሱን ልትቀይርለት ገባች። የሐረርጌ ልጅ ናት፣ በራሱ ቋንቋ ታወራዋለች። እግረ መንገዷን "ታመህ ቤት ከመዋልህ በፊት የት ትሠራ ነበር?" አለችው። መተማ፣ ሱዳን ጠረፍ፣ ሰሊጥ አጨዳ። ለቤተሰቡ ሳይናገር ነበር የሄደው፣ ወንድሙም ያንን ነገር ሰው ፊት ማንሳት አልፈለገም። ከዚያ በኋላ ያለውን ትገምታላችሁ። ካላዛር ነበር፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውና ጣፊያ የሚያሳብጠው በሽታ፤ በዚያ በመተማ በኩል ሞልቷል። ታክሞ ዳነ።

መተማና ሁመራ ለሚሠራ ሐኪም ካላዛር የዕለት እንጀራው ነው፤ እንዲህ ያለ ታካሚ ገጠመኝ ብሎ ቢጽፍ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ሐረር ላይ ግን እንግዳ ነው። ታዲያ ይህንን ብትጽፉት ለአንባቢው ምን ትነግሩታላችሁ? "ካላዛር የሚባል በሽታ አለ" ብላችሁ ሦስት ገጽ ከመጽሐፍ ገልብጣችሁ አይደለም። ምሥራቅ ላይ ተቀምጦ ትልቅ ጣፊያና የወረደ ደም የሚያይ ሐኪም "የት ነበርክ፣ ምን ስትሠራ ነበር" ብሎ እንዲጠይቅ፣ አስታማሚው በሌለበትም ደግሞ እንዲጠይቅ ነው። የኬዝ ሪፖርት፣ ማለትም የአንድ ታካሚን ታሪክ የሚዘግብ ጽሑፍ፣ ፍሬው ይሄ ነው፤ ቀጣዩ ሐኪም ቀጣዩን ታካሚ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ያስተምራል። የሚያስጠይቀው ነገር ከሌለው፣ ፎቶው የቱንም ያህል ቢያስደነግጥ፣ ባይጻፍ ምንም አይቀርም።

ደግሞ እንግዳ የሚሆነው ሁልጊዜ በሽታው አይደለም። ድሬን ተመልከቱ። በ2013 ዴንጊ ገባ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማውን በሙሉ አንቀጠቀጠው፤ እነዚህ በስማቸውም እንግዳ ነበሩ። የ2022ቱ ግን ወባ ነው። ወባ ለድሬ ሰው ምኑ ይገርማል? የሚገርመው የመጣበት ጊዜ ነው፣ በጋ ላይ፣ ዝናብ በሌለበት፣ ያውም መሀል ከተማ። በ2019 ድሬ የመዘገበችው 205 ታማሚ ነበር፤ በ2022 ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባለው ጊዜ ብቻ 2,425 ሆነ። ተመራማሪዎቹ ላብራቶሪ ቁጭ ብለው አልጠበቁም። ታማሚው ቤት ድረስ ሄዱ፣ የቤተሰቡንና የጎረቤቱን ደም መረመሩ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን ገልጠው አዩ። ያገኙት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለውን ትንኝ ነው። አገሯ እስያ ነው፤ በ2012 ጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ ቀብሪ ደሃር ላይ ታይታለች። እንደ ነባሮቹ የወባ ትንኞች ረግረግና የዝናብ ኩሬ አትጠብቅም፤ ሮቶና በርሜል ይበቃታል። ድሬ ውሃ ሳያጠራቅም የሚያድር ቤት የት አለና! ሥራው በ2023 ኔቸር ሜዲስን የተባለው ጆርናል ላይ ወጣ። እንግዲህ አስቡት፣ ክሊኒክ ውስጥ ተቀምጦ "በዚህ ወር ይሄ ሁሉ ወባ ከየት መጣ?" ብሎ ወረቀት ላይ ያሰፈረ ሰው ከሌለ ማንም ሮቶ ከፍቶ አያይም።

እንዲህ የሚያይ ዓይን ከሩቅ መምጣት የለበትም። የጅጅጋው ተወላጅ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ወንዝ ዳር ሲያጠና፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት እነሱ ናቸው። ልብስ ሲታጠብ ያየ ሰው ስንት ነበር?

አሁን ወደሚያጣላን ነገር ልምጣ። ኬዝ ካገኛችሁ በኋላ "ምክንያቱ ይሄ ነው" ለማለት ትቸኩላላችሁ። አንድ ታካሚ ምክንያት አያስረዳም። ለዚህ ከጫትና ከጉበት የተሻለ ምሳሌ አይመጣልኝም፣ እዚሁ ደጃችን ያለ ነገር ነው። ሐረር ላይ ጉበቱ የታመመ ሰው፣ ሄፓታይተስ የሌለው፣ መጠጥ የማይቀምስ፣ ስትጠይቁት ጫት ይቅማል። "ጫት ነው እንግዲህ!" ለማለት ይቃጣችኋል። ቆይ፣ ሐረር ላይ ጉበቱ ደህና የሆነውስ አይቅምም? እግሩን ተሰብሮ የተኛው ይቅማል፣ አስታማሚው ይቅማል፣ በረኛውም ቢሆን ከሰዓት ላይ ጉንጩን አይታችሁታል። ስለዚህ የታመሙትን ብቻ ቆጥሮ የትም አይደረስም፤ ያልታመሙትንም ጎን ለጎን መጠየቅ ያስፈልጋል። በጁገልና በሕይወት ፋና ሆስፒታሎች በ2015 እና በ2016 የተደረገው ጥናት ያደረገው ይህንኑ ነው። የጉበት ሕሙማን 150፣ የጉበት ሕመም የሌለባቸው 300። ምን ያህል፣ ስንት ዓመት ብለው ሁሉንም ጠየቁ። ብዙ ዘመን ብዙ የቃሙ ወንዶች ላይ የጉበት ሕመሙ አደጋ እየጨመረ ሄዶ ተገኘ፤ በ2018 ሄፓቶሎጂ የተባለው ጆርናል አወጣው። ቅጠሉ ራሱ ነው ወይስ የሚረጭበት ፀረ ተባይ የሚለው ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ነው፣ የፈለገ ይውሰደው። እኔ የምለው፣ በርጫ ላይ የሚወራ ግምትና ጥናት የሚለያዩት እነዚያ 300 ሰዎች ላይ ነው።

ኬዝ ሪፖርት ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። ታሊዶማይድ የሚባለው መድኃኒት እርጉዞች ማቅለሽለሽ እንዲቀንስላቸው ይሰጥ ነበር። በ1961 ዊልያም ማክብራይድ የተባለ አውስትራሊያዊ የማህፀን ሐኪም ላንሴት የተባለው የሕክምና ጆርናል ላይ አጭር ደብዳቤ ጻፈ። መድኃኒቱን የወሰዱ እናቶች እጅና እግራቸው ጎዶሎ የሆነ ልጆች ሲወልዱ አየሁ፣ እናንተስ አይታችኋል? ነው ነገሩ ባጭሩ። ጀርመን ውስጥ ሌንዝ የተባለው ሐኪምም በዚያው ሰሞን ያንኑ ተናገረ። መድኃኒቱ ከገበያ ወጣ። የሚያሳዝነው የታሪኩ መጨረሻ ነው። ያው ማክብራይድ ስም ካተረፈ በኋላ ሌላ መድኃኒት ላይ በጥንቸል በሠራው ሙከራ ውጤቱን ቀይሮ አሳተመ፤ አብረውት የሠሩ ወጣቶች አጋለጡት፣ በ1993 የሕክምና ፈቃዱ ተሰረዘ። ያጋለጡት ወጣቶች ናቸው፣ ይህችን ልብ በሉልኝ። ሲኒየራችሁ ቁጥር አስተካክሉ ቢላችሁ ምን እንደምታደርጉ ዛሬ አስቡበት፣ ያኔ ጊዜ አይሰጣችሁም።

ወደ ፎቶ እንሂድ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እቆጣለሁ። አንዲት ታካሚ ፊቷ ላይ የወጣ እብጠት በስልክ ተነሳ፣ "ምን ይመስላችኋል" ተብሎ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ተለጠፈ፣ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ዞሮ ዞሮ እህቷ ስልክ ላይ አረፈ። ዓይኗ ላይ ጥቁር መስመር ተሰምሯል፤ እህት እህቷን በአገጯ አታውቃትም? ደህና ጆርናሎችም ዓይን መሸፈኑ በቂ ነው አይሉም። በተለይ የኛ ከተማ ትንሽ ናት። "የ40 ዓመት ሴት፣ ከጀጎል፣ ሸዋ በር አካባቢ፣ ስፌት በመስፋት የምትተዳደር" ብላችሁ ስትጽፉ ስሟን የተዋችሁ ይመስላችኋል፤ ሐረር ላይ ግን አድራሻዋን ነው የሰጣችሁት። ለሕክምናው ነገር የማይጠቅመውን አውጡት። ሰፈሯ ለምን ያስፈልጋል?

ፈቃድም ቢሆን ጣት ቀለም ነክሮ ወረቀት ላይ ማስጫን አይደለም። ነፃ ሕክምና የሚጠብቅ ሰው ነጭ ጋውን ለለበሰ ሰው እምቢ አይልም፣ "እናንተ እንዳላችሁ" ነው የሚለው። ስለዚህ ድኖ ሊወጣ ሲል፣ በሚገባው ቋንቋ፣ ቢቻል የማያክመው ሰው ይጠይቀው። አስታማሚው አያስተርጉም፣ ምክንያቱን ከላይ አይታችኋል። ከአንድ ኬዝ አልፋችሁ ካርድ እያወጣችሁ ጥናት ልትሠሩ ስትነሱ ደግሞ መጀመሪያ የሥነ ምግባር ኮሚቴው በር ይንኳኳል። ይዘገያሉ፣ አውቃለሁ። ቢሆንም መረጃ ከሰበሰቡ በኋላ ፈቃድ መለመን የባሰ ጣጣ ነው።

የት ላሳትመው ላላችሁት በአጭሩ ልመልስ። ኢንተርን ሆናችሁ "ውድ ዝነኛ ፕሮፌሰር" የሚል ኢሜይል ከመጣላችሁ፣ በሁለት ሳምንት እናወጣላችኋለን፣ ዶላሩን ላኩ የሚል ከሆነ፣ ሰርዙት። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር የሚያሳትመው ጆርናል ከ1962 ጀምሮ አለ። የውጭዎቹም ብዙዎቹ ከኛ ዓይነት አገር ለሚጽፍ ክፍያ ይቀንሳሉ ወይም ይተዋሉ፤ ሳትጠይቁ አትክፈሉ። ለማንበብ ሂናሪ የሚባል የጆርናሎች ማንበቢያ አገልግሎት አለላችሁ፣ የዩኒቨርሲቲያችሁን ቤተ መጻሕፍት የይለፍ ቃል ጠይቁ። የኬዝ ሪፖርት አጻጻፍን በ2013 የወጣው ኬር የተባለው መመሪያ ያሳያችኋል፤ ከሁሉ የምወድለት፣ ታካሚው ራሱ ስለ ሕመሙ ምን እንደሚል ቦታ እንዲሰጠው መጠየቁን ነው።

የማን ስም ይግባ የሚለው ጠብ አያልቅም። የሠራ ይግባ፣ በማዕረጉ ብቻ የሚገባ አይኑር ብዬ ብጽፍ ሥራ ላይ ምን እንደሚጠብቃችሁ አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ያቺን ነርስ አትርሷት። ጸሐፊ ሆና ባትገባ እንኳ ምስጋናው ላይ ምን እንደጠየቀችና ምን እንዳገኘች ይጻፍላት፣ "የዋርዱን ሠራተኞች እናመሰግናለን" በሚል ተጠቅልላ አትለፍ።

አንድ የቀረችኝ ነገር አለች። የኛ ሰው የጻፈውን ኬዝ ሪፖርት ሳነብ መጨረሻው "ታካሚው ለክትትል አልተመለሰም" ነው። እንዴት ይመለስ፣ ከባቢሌ ማዶ ትራንስፖርት ከፍሎ? ደውሉለት። ሲወጣ የራሱን ስልክ ብቻ አትያዙ፣ የአስታማሚውንም የጎረቤቱንም ያዙ፣ ኔትወርክ የሚይዘው የማን እንደሆነ እነሱ ያውቃሉ። ጫት ነጋዴ ከሆነ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ አትድከሙ፣ ገበያ ላይ ነው፣ አያነሳም።